ኮምፒውተር ሳይንስ ጨረስኩ፣ ኮድ መጻፍ ግን አልፈልግም፤ ምን ልሥራ?

ሰልፍ ላይ ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ቢንዛዛ ወይ መሀል ላይ ቢቆረጥ ይቅር በሉኝ።

ኮምፒውተር ሳይንስ አራት ዓመት ተምሬ ዘንድሮ ጨርሻለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ችግሬ አንድ ነው። ኮድ መጻፍ አልወድም። አልችልም አላልኩም። ሲ ፕላስ ፕላሱንም ጃቫውንም በደህና ውጤት አልፌዋለሁ። ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት የጠፋች ሴሚኮለን ፍለጋ ስክሪን ላይ አፍጥጬ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄንን ነው የምሠራው?» ስል ሆዴ ባር ባር ይለዋል።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሲስተም ነበር። አራት ነበርን። እውነቱን ልናገርና ኮዱን የጻፉት ሁለቱ ልጆች ናቸው። እኔ ካርድ ክፍል ሄጄ ሠራተኞቹን አናገርኩ፣ መዝገባቸውን አገላበጥኩ፣ ሰነዱን ጻፍኩ፣ ዲያግራሙን ሠራሁ፣ ዲፌንስ ቀን ደግሞ ፊት ቆሜ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከአራቱ ዓመት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ያንን ወር ብቻ ነው።

አሁን የሥራ ማስታወቂያ ስከፍት ሁሉም «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር፣ ሁለት ዓመት ልምድ» ነው። ጓደኞቼ «ኮድ ካልጻፍን ታዲያ ለምን ተማርነው?» ይላሉ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ዲሽ ሠሪ ሆኜ ቀርቻለሁ። ትናንት የአራተኛ ፎቋ እትዬ ሪሲቨራቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። «ያው ኮምፒውተር አይደል?» አሉኝ። ምን እላለሁ፣ ተቀበልኳቸው። ኬብሉ ነበር የላላው።

እና ጥያቄዬ፣ በዚህ ዲግሪ ኮድ የማይጻፍበት ሥራ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በየቀኑ ቦሌ ወይ ሜክሲኮ መመላለስ ደመወዜን ለታክሲ፣ ዕድሜዬን ለሰልፍ መስጠት ነው። እዚሁ ዳር ላይ የሚገኝ ነገር አለ? ሦስተኛ፣ ሰርተፍኬት ልፈተን ወይስ ብሬን ልያዝ? ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ቻው።


አሻራ ማሽን፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። አንተ ሥራ የምትፈልገው ፊትህን ወደ ቦሌ አዙረህ ነው። እስቲ ዞር በል። ቂሊንጦ ጎረቤትህ ነው፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፓርክ አለ። ወደ ገላንና ዱከም በኩል ደግሞ መንገዱ ግራና ቀኝ ፋብሪካ ነው። እነዚህ ሁሉ ኔትወርክ አላቸው፣ ካሜራ አላቸው፣ የደመወዝ ሲስተም አላቸው፣ መጋዘን የሚቆጣጠሩበት ኢአርፒ የሚባል ሲስተም አላቸው። ይሄን ሁሉ የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋሉ። ከመሀል ከተማ የሚቀጥሩት ልጅ ደግሞ በስድስት ወሩ መንገድ ሰልችቶት ይሄዳል። አንተ እዚያው ነዋሪ መሆንህን ማመልከቻህ ላይ በደማቁ ጻፈው። እኔን የቀጠሩኝ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የት ነው ቤትህ?» ብለው ነው።

የልብስ ፋብሪካ አይቲ ኦፊሰር ነኝ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አራት ዓመቴ ነው። ፕሮግራም ብዬ የጻፍኩት ነገር የለም፣ ኤክሴል ላይ ቀመር ከመጻፍ በስተቀር።

ምን ትሠራለህ ካልከኝ፣ አንድ ቀን ልንገርህ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት በር ላይ እቆማለሁ፣ ሺፍት ሲቀየር። ሠራተኛው በአሻራ ነው የሚፈርመው። ስፌት ላይ የዋለ ጣት ይሻክራል፣ ይላጣል፣ ማሽኑ አያነበውም። አንዷ ሦስቴ አራቴ ስትሞክር ከኋላዋ ያለው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ስለዚህ አዲስ ሰው ስመዘግብ የሁለቱንም እጅ ጣቶች አስገባለሁ፣ መስታወቱንም በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ይሄን ማንም አላስተማረኝም።

ታዲያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱ ማሽን ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል። ውስጡ ያለችው የሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታ ነው። ማንም ልብ አላለም። ወር መጨረሻ ደመወዝ ሲሠራ ሰባ ምናምን ሰው «ቀሪ» ተብሎ ወጣ። እናቶች እያለቀሱ ቢሮ ሞሉት። ከሰው ኃይል ኃላፊዋ ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠን ማሽኑ ላይ ያለውን ከጥበቃው መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አስተያየን። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው የሚመዘግበው፣ የጥበቃው ደብተር በኛ ሰዓትና በኛ ወር ነው። ስድስት ሰዓት እየቀነስን፣ ቀኑን እየመለስን። የማንም ደመወዝ አልተቆረጠም። ባትሪዋን አሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ እቀይራታለሁ።

መጥፎውንም ልንገርህ። ብቻህን ነህ፣ የሚያስተምርህ የለም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆመህ ስልክህ ይንጫጫል። ደመወዙም እንደ ዴቨሎፐር አይደለም። ግን ምሳዬን ቤቴ ሄጄ በልቼ እመለሳለሁ፣ ይሄን የሚል የአዲስ አበባ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ብቻ አትጠብቅ። ብዙዎቹ በራቸው ላይ ነው የሚለጥፉት።


ሰልፍ ላይ ነኝ፦

ኧረ እህትህ ነኝ። :) ግን በጣም አመሰግናለሁ። የባትሪዋን ነገር አልረሳውም።


አሻራ ማሽን፦

ይቅርታ እህቴ። ስልኬን ለባለቤቴ ላሳያት ነው፣ «ሁሉም ሰው ላንተ ወንድ ነው» ትለኛለች ሁልጊዜ።


ሳንካ ፈላጊ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ። ካርድ ክፍል ሄዶ ሠራተኛ ማናገር፣ መዝገቡን ማየት፣ ሲስተሙ ምን ማድረግ እንዳለበት መጻፍ፣ ያ ሥራ ስም አለው። ቢዝነስ አናሊስት ይባላል። ባንኮች ይቀጥራሉ፣ ሶፍትዌር ቤቶች ይቀጥራሉ። ለጀማሪ በሩ ጠባብ ነው፣ ምክንያቱም ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፣ ባንክ ከሆነ ባንክን፣ ጤና ከሆነ ጤናን። አንቺ ግን ክሊኒክ ውስጥ የቆየሽበት አንድ ወር አለሽ። ሲቪሽ ላይ «የመመረቂያ ፕሮጀክት» ብለሽ በአንድ መስመር አትቅበሪው። ስንት ሰው አናገርሽ፣ ምን ችግር አገኘሽ፣ ምን ተቀየረ፣ እሱን ጻፊ።

እኔ የገባሁት በሌላ በር ነው፣ በሶፍትዌር ፈታሽነት፣ ኪውኤ በሚሉት። ሥራዬ የሌላ ሰው ኮድ ማበላሸት ነው። ደስ ሲል!

ምሳሌ ልስጥሽ። የቀን መምረጫ ያለው ማንኛውም ያገራችን አፕ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሄደው ጳጉሜ ላይ ነው። በ2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች፣ በ2016 አምስት። ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መቀበል አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ግን መከልከል አለበት። ስንቱ እዚህ ላይ እንደሚወድቅ ብታዪ ትስቂያለሽ። ቀጥሎ ስም። እኛ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፣ ከውጭ የመጣ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ያፋጥጥሻል። አባት ይግባ ወይስ አያት? ሁለት ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ስልክ። ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ሲጀምር ቁጥሩ በ07 ነበር፣ የቆዩ ፎርሞች ግን በ09 የማይጀምር ቁጥር ስልክ አይመስላቸውም ነበር። ያኔ እኔ ሥራ ላይ አዲስ ነበርኩ፣ የመጀመሪያዋን ሳንካዬን፣ የሶፍትዌር ስህተት ማለቴ ነው፣ ያገኘሁት በወንድሜ ሲም ካርድ ነው።

ሳንካ ማግኘቱ ግማሹ ነው፣ ግማሹ መጻፉ ነው። «ምዝገባው አይሠራም» ብለሽ ብትልኪ ዴቨሎፐሩ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ይመልስልሻል፣ ከዚያ ጦርነት ነው። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

ርእስ፦ በ07 በሚጀምር ስልክ መመዝገብ አይቻልም።
ያደረግኩት፦ የምዝገባ ገጹን ከፈትኩ፣ ስም ሞላሁ፣ በ07 የሚጀምር ትክክለኛ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር አስገባሁ፣ «ቀጥል» የሚለውን ነካሁ።
የጠበቅኩት፦ ማረጋገጫ ኮድ በመልእክት ይላክልኛል።
የሆነው፦ «ስህተት ቁጥር» ይላል። በ09 በሚጀምር ቁጥር ግን ያልፋል።
ስልኩ፣ የአፑ ስሪት፣ ፎቶው።

ይሄው ነው። ሰነድ መጻፍ የምትወጂ ከሆነ ግማሹን ታውቂዋለሽ።

አልዋሽሽም፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አውቶሜሽን የሚባል፣ ፍተሻውን በፕሮግራም ማሠራት፣ ይመጣል፣ ያኔ ትንሽ ኮድ ትነኪያለሽ። ደግሞ እዚህ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ፈታሽ አይቀጥሩም፣ ራሱ የጻፈው ልጅ ሁለቴ ነካክቶ «ተፈትሿል» ይላል። ሥራው አለ፣ ግን የተትረፈረፈ አይደለም።


ኮድ ነፍሴ፦

ሁላችሁም እያባበላችኋት ነው። እኔ ግን እንደ ወንድም ልናገር። ኮድ ጠላሁ የምትይው ኮድ ገና ስላልጻፍሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን ኮድ አይደለም፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጃቫ ጻፉ እያሉ የሚፈትኑን ፈተና ነው። ሴሚኮለን ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የለም፣ ኤዲተሩ በቀይ ያሰምርልሻል፣ ካልሆነም ኤአዩ ይነግርሻል። ስድስት ወር እውነተኛ ፕሮጀክት ላይ ሥሪና ከዚያ ወስኚ። ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሥራ ደግሞ አብዛኛው ያለው ኮድ ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ ሆነሽ ሰልፍ ሳትቆሚ የምትሠሪው እሱ ነው።


ካት ስድስት፦

ኮድ ነፍሴ፣ አከብርሃለሁ፣ ግን ልጅቷ ሽሮ አልወድም ስትል አንተ «የኔን እናት ሽሮ ስላልቀመስሽ ነው» እያልክ ነው።

እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ። ለገጣፎ ነው የምሠራው፣ የኔው ሥራ ነው። ቤትና ሕንፃ ላይ ካሜራና ኔትወርክ እዘረጋለሁ። ለገጣፎና አያት አካባቢ የሚሠራውን ሕንፃ ብዛት የሚያውቅ ያውቃል። ሁሉም ካሜራ ይፈልጋል፣ ሁሉም ዋይፋዩ ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም።

መጀመሪያ ስጀምር አንድ ስህተት ሠርቼ ከኪሴ ከፍያለሁ፣ እሱን ልንገርሽ። መርካቶ ሄጄ ርካሽ ኬብል ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ ካት ስድስት ይላል፣ የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ዘረጋሁት፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ባለቤቱ ገባ። በወሩ ካሜራዎቹ ማታ ማታ መጥፋት ጀመሩ። ቀን ደህና ናቸው፣ ሲጨልም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለካስ ካሜራዎቹ መብራታቸውን የሚያገኙት በዚያው በዳታ ኬብሉ ነው፣ ሲጨልም ደግሞ የሌሊት ማያ መብራታቸው ሲበራ ብዙ ኃይል ይስባሉ። ኬብሉ ውስጡ መዳብ ሳይሆን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኖሯል፣ ያን ያህል መንገድ ኃይሉን ማድረስ አልቻለም። አሁን መርካቶ ስሄድ ምላጭ እይዛለሁ። ሽቦውን ፋቅ ፋቅ አደርገዋለሁ፣ ውስጡ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፣ ትቼ እሄዳለሁ። መዳብም ቢሆን ከ100 ሜትር በላይ በአንድ ምት አይኬድም።

ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ትወጣለች ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ትወጣለች፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፣ የኬብል ጫፍ ስናስር ከኔ ይልቅ የእሷ ነው የሚያምረው። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ስምንቱን ሽቦ ዓይኗን ጨፍና ትደረድረዋለች።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ። ሲሲኤንኤ የሚባለው የኔትወርክ ሰርተፍኬት 300 ዶላር ነው ፈተናው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ያልቃል። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሥራ ሳትይዢ አትፈተኚ። ትምህርቱን ግን ተማሪ፣ ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የኔትወርክ መለማመጃ በነፃ ነው የሚወርደው፣ ላፕቶፕሽ ላይ ሙሉ የባንክ ኔትወርክ መሥራት ትችያለሽ። ከገባሽ በኋላ ቀጣሪሽ ሊከፍልልሽ ይችላል። እና «መጀመሪያ ለሥልጠና ይህን ያህል ክፈሉ፣ ከዚያ እንቀጥራችኋለን» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ካየሽ ዝጊው። እኔ አንዴ ከፍዬ እስካሁን ሥልጠናው አልተጀመረም፣ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።


ጋሽ ኦዲት፦

ልጆች፣ ደህና ትጨዋወታላችሁ። እኔ ባንክ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። የገባሁት ፕሮግራመር ሆኜ ነው፣ የምወጣው ኦዲተር ሆኜ ነው።

ልጄ፣ «ኮድ የሌለበት» የሚለውን ትንሽ አላልተሽ ያዢው። ኤስኪውኤል የሚባለውን አትሽሺው። እሱ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም፣ ዳታውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሦስት ሳምንት በትጋት ብትቀመጪበት የሚበቃሽን ታውቂያለሽ። ባንክ ውስጥ አፕሊኬሽን ሰፖርት ብትገቢ፣ ሪፖርት ክፍል ብትገቢ፣ ኦዲት ብትገቢ፣ ያለሱ የሰው እጅ ጠባቂ ነሽ።

የሲስተም ኦዲት ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቀውምና አንዷን ላሳይሽ። የሰው ኃይል ክፍል የለቀቁ ሠራተኞችን ዝርዝር ይሰጠኛል። ከሲስተሙ ደግሞ መግባት የሚችሉ ሰዎችን ዝርዝር አወጣለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ከባንኩ ከለቀቀ ስምንት ወር የሆነው ሰው መግቢያው ሳይዘጋ ተቀምጦ አገኛለሁ። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ተገብቶበታል። ማን ገባበት? እዚያ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። ኮድ የለም። መጠየቅ፣ ማነጻጸር፣ ሰው ሳያስቀይሙ እውነቱን መጻፍ ነው። የመጨረሻዋ ከባድ ናት፣ ምክንያቱም መግቢያውን መዝጋት የነበረበት ሰው ምሳ አብሮኝ የሚበላ ነው።

ለዚህ ሥራ ሲሳ የሚባለው ሰርተፍኬት ይከበራል፣ ግን የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የተወሰነው በትምህርት ሊቀነስ ቢችልም። አሁን አንቺን አይመለከትሽም፣ መኖሩን እወቂ።

ሌላም አዲስ መንገድ እየተከፈተ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መታወቂያ፣ ስልክ፣ የጤና መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ መረጃውን ለምን እንደያዘ፣ ማን እንደሚያየው ማወቅ ይኖርበታል። ሕግ አዋቂው ሲስተሙን አያውቅም፣ ሲስተም አዋቂው ሕጉን አያነብም። አዋጁን አውርጂና አንብቢው። አንድ ቅዳሜ ይበቃሻል።

ኮድ ነፍሴ፣ ያልከው ሁሉ ስህተት አይደለም። ለውጭ ድርጅት የሚሠራው ልጅ የሚያገኘውን እኔ አላገኝም። ነገር ግን እኔ ራሴ ስምንት ዓመት ኮድ ጽፌ ነው የተውኩት፤ ስላልቻልኩ ሳይሆን ስላልጣመኝ። ሰው የማይጥመውን ነገር ጎበዝ ሊሆንበት ይችላል።


ኮድ ነፍሴ፦

ጋሼ፣ እሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። የሽሮዋ ግን አልተዋጠችልኝም።


ፎርም ቁጥር ሦስት፦

ስለ ዳታ ሥራ ማንም ስላላነሳ። እኔ መረጃ አስተዳደር ላይ ነኝ፣ በፕሮጀክት። ኮቦ የሚባለው ላይ መጠይቅ እሠራለሁ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በስልካቸው ይዘውት ገጠር ይወርዳሉ፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላሉ፣ ከተማ ሲገቡ ይልካሉ። ጤና ተቋማት ላይ ከሆነ ደግሞ ዲኤችአይኤስ ቱ ነው፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ሚኒስቴር ሪፖርቱ የሚወጣበት። ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሠራ ሰው እዚህ ባዕድ አይሆንም።

ጥበቡ ጥያቄው ላይ ነው። «ስንት ልጅ አለሽ?» የሚለው ሳጥን ቁጥር ብቻ እንዲቀበል፣ ዜሮ ካለች ደግሞ «የመጨረሻው ልጅ ዕድሜ» የሚለው እንዳይመጣ ማድረግ አለብሽ። ካልሆነ አንዱ ሰብሳቢ ደክሞት ልጅ ለሌላት ሴት የሁለት ዓመት ልጅ ይሰጣታል። ሰጥቶም ያውቃል፣ ያሳየኝ ኤክሴሉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሥራው ከፕሮጀክት ጋር የታሰረ ነው። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ብዙ ጓደኞቼ በአንድ ሳምንት ቤታቸው ገቡ። ኮንትራቱ መቼ እንደሚያልቅ ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግሽም። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው ነፃ ነው፤ ስሙ ኮደር ይበል እንጂ ከኮርሶቹ አንዱ የዳታ ነው።


አሻራ ማሽን፦

ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ጎሮ ያለውን አይሲቲ ፓርክ እንዳትረሺው። ራክሲዮና ዊንጉ የሚባሉት ድርጅቶች የዳታ ማዕከል አላቸው እዚያ። የዳታ ማዕከል ቴክኒሻን ሥራው ማሽኖቹ መብራትና ቅዝቃዜ እንዳያጡ መጠበቅ፣ ኬብል መቀየር፣ ማን ገባ ማን ወጣ መመዝገብ ነው። ሌሊትም በፈረቃ ይሠራል። ከኮዬ ጎሮ ደግሞ ሜክሲኮ አይደለም።


ሰልፍ ላይ ነኝ፦

ዛሬ ሰልፍ ላይ አይደለሁም፣ ቤት ነኝ። ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ፣ ሁለቴ። ጋሼ፣ አዋጁን አውርጃለሁ፣ ቅዳሜን ይዤለታለሁ። አሻራ ማሽን፣ ትናንት በቂሊንጦ በኩል በእግሬ ዞሬ መጣሁ፣ ሁለት በር ላይ የተለጠፈ አየሁ፣ አንዱ ኤሌክትሪሺያን ነው የሚፈልገው፣ አንዱ «የአይቲ ባለሙያ፣ ዜሮ ዓመት» ይላል። ዜሮ ዓመት! ፎቶ አነሳሁት። ሐሙስ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ነገ ጠዋት ወስጄ አስገባለሁ።

ግን የጻፍኩት ለሌላ ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከፈትኩ። ሳንካ ፈላጊ ያለውን ልሞክር ብዬ የታካሚ ምዝገባ ገጽ ላይ የትውልድ ቀን ጳጉሜ 7 ቀን 2010 አልኩት። ተቀበለኝ። ጳጉሜ 30 አልኩት። ተቀበለኝ! አንድ ሰው ጳጉሜ 30 ተወለደ። ሦስት አስተማሪ ፊት ቆሜ «ሲስተማችን የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ ይደግፋል» ያልኩት እኔ ነኝ። በሳቅ ሞትኩ፣ ቤተሰቡን ቀሰቀስኩ።

ለሁለቱ ልጆች ጽፌ ላክሁላቸው። እንዲህ ብዬ፦

ርእስ፦ የጳጉሜ ቀን አይሠራም።
ያደረግኩት፦ የታካሚ ምዝገባ ከፈትኩ፣ የትውልድ ቀን ጳጉሜ 30 ቀን 2010 አስገባሁ፣ መዘገብኩ።
የጠበቅኩት፦ ስህተት ነው ይለኛል።
የሆነው፦ ታካሚው ተመዘገበ፣ ካርድ ቁጥርም ተሰጠው።

አንደኛው ወዲያው መለሰልኝ፣ «ጳጉሜ 30 ማን ያስገባል?» ብሎ።


ሳንካ ፈላጊ፦

«ማን ያስገባል» ማለቱ እውነተኛ ዴቨሎፐር መሆኑን ያሳያል። መልስሽ «ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰባኛዋን ታካሚ ስትመዘግብ» ነው። አንቺ አይተሻታል፣ እሱ አላያትም።

ሪፖርቱ ጥሩ ነው። ርእሱን ብቻ አስተካክዪው። «አይሠራም» አትበዪ። «ምዝገባው ከጳጉሜ 5 ወይም 6 በላይ የሆነ ቀን ይቀበላል» በዪ። እና 2010ን ትተሽ 2011ን ሞክሪ፣ ያን ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች። 6ን ተቀብሎ 7ን መከልከል አለበት። ሲያስተካክሉት 5 ላይ ዘግተው እንዳይልኩልሽ።